«አገር ቤት ሄዳለች»

የሚኒሶታ ብርድ ክፉ ነው ቢባልም አንድ ደግ ጠባይ አለው፤ ሰውን ከሰው ያስተዋውቃል። በበጋ በአንድ ሊፍት ሲወጡና ሲወርዱ ሰላምታ የተነፋፈጉ ጎረቤታሞች፣ ጥር ገብቶ የአንዱ መኪና አልነሳም ሲል ኬብል ይዘው ሲሯሯጡ ይታያሉ። አቶ ሳህሉና ዱረቲም የተገናኙት በዚሁ ብርድ ሰበብ ነው። ጊዜው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር የሁለት ሺህ አሥራ ዘጠኝ መግቢያ፣ ትምህርት ቤቱ ሁሉ በብርድ ተዘግቶ የተከፈተ ሰሞን ነበር።

አቶ ሳህሉ ስድሳን የተሻገሩ፣ በየቀኑ ጢማቸውን የሚላጩ፣ ክራባት አስረው ቫን የሚነዱ ሰው ናቸው። ሜፕልዉድ ውስጥ ባለ አንድ የአረጋውያን የቀን መዋያ ተቀጥረው፣ ጠዋት አሮጊቶችንና ሽማግሌዎችን ከየቤታቸው ይሰበስባሉ፤ ከሰዓት በኋላ ይመልሳሉ። የመዋያው ደንበኞች አብዛኞቹ ከቡታን ተባርረው፣ ኔፓል በስደተኞች ካምፕ ብዙ ዘመን ኖረው፣ በስተርጅና እዚህ የደረሱ ሰዎች ናቸው። አቶ ሳህሉ ዊልቸራቸውን ሲያስሩ፣ ብርድ ልብሳቸውን ሲያስተካክሉ ላያቸው የገዛ ወላጆቻቸውን የሚያጓጉዙ ይመስላሉ።

ያን ዕለት ተሳፋሪዎቻቸውን ጭነው ሊነሱ ሲሉ፣ ከመዋያው ፓርኪንግ አንዲት ወጣት መኪናዋን በኦሮምኛ ስትራገም ሰሙ። መስኮታቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ልጄ፣ መኪና እርግማን አይፈራም። ይልቅ ግቢ፤ እዚያው ደርቀሽ ትቀሪያለሽ።»

«እግዜር ይስጥልኝ፣ አባባ። ባትሪው ሞቶብኝ ነው። መንገድዎን ግን አላስቀይርዎም?»

«እነዚህን ላድርስና ከዚያ አንቺን አደርስሻለሁ። ግቢ፣ ሙቀቱ እየወጣ ነው!»

ወጣቷ ከፊት ወንበር ተቀመጠች፤ ወዲያውም ዞር ብላ ከኋላ ያሉትን አረጋውያን በገዛ ቋንቋቸው ሰላም አለቻቸው። ሲያንጎላጁ የነበሩት ሁሉ ነቁ። አንዱ ጠየቃት፤ መለሰች። ሌላዋ ሳቀች። አቶ ሳህሉ በመስታወት እያዩ ተገረሙ።

«እኔ ይህን ያህል ዘመን ተመላልሼ ‹ናማስቴ› ከማለት አላለፍኩም። አንቺ ከየት አመጣሽው?»

«ዱረቲ እባላለሁ፣ ጋሼ...»

«ሳህሉ።»

«ጋሼ ሳህሉ። የአዳማ ልጅ ነኝ፤ ያደግሁት ግን ቡርንስቪል ነው። ሶሻል ወርክ ተምሬ እንደጨረስኩ ከአንድ የበጎ አድራጎት ድርጅት ጋር ወደ ምሥራቅ ኔፓል ሄድኩ። ሁለት ዓመት ግድም ተራራ ላይ ስኖር ቋንቋው ሳልፈልግ ገባኝ። እዚህ መዋያ የቤተሰብ አማካሪ ሆኜ ሥራ የጀመርኩት ገና ባለፈው ሳምንት ነው።»

ተሳፋሪዎቹ በየበራቸው እየወረዱ አለቁና ሐርካ ማያ ብቻ ቀሩ። ሐርካ ማያ ቀይ ሻርፕ የሚከናነቡ፣ ቤታቸው ከሁሉም ርቆ የሚገኝ፣ ወሬ የሚወዱ ባልቴት ናቸው።

«ባለቤትዎ ደህና ናቸው?» አለች ዱረቲ፤ አገርኛ ጨዋታ ለመጀመር ያህል።

«ሚስቴ አገር ቤት ሄዳለች» አሉ አቶ ሳህሉ።

እንግዲህ አንባቢ እንዳይታለል እውነቱን እዚሁ መናገር ይሻላል። ወይዘሮ እህተማርያም አገር ቤት አልሄዱም። በዚያች ሰዓት ከቫኑ ብዙም በማይርቅ አፓርታማ፣ መጋረጃው በተጋረደ መኝታ ቤት ተኝተው ነበር። ባለፈው በጋ ስትሮክ መታቸው፤ ቀኝ ጎናቸው ሰነፈ፣ አፋቸው ወደ አንድ ወገን ተሳበ፣ አንደበታቸው ተያዘ። ሮቢንስዴል ካለው ሆስፒታል ሲወጡ አቶ ሳህሉ ሚስታቸውን አይተው አነቡ። በቤተ ክርስቲያኑ የሴቶች ማኅበር ውስጥ ነጠላዋ የማይጨማደድ፣ ንግግሯ የማይደናቀፍ ሴት ነበረቻ! ሰው በዚህ ሁኔታ እንዳያያት፣ ትንሽ እስክታገግም ብለው፣ ለጠየቃቸው ሁሉ «እኅቷ ታማባት አገር ቤት ሄዳለች» አሉ። ውሸት ለአንድ ሌሊት ብሎ ገብቶ እንደሚከርም እንግዳ ነው፤ ወር ወርን ወለደ፣ ውሸቱም ቤተኛ ሆነ። «ለምን አትመለስም?» ሲባሉ የአዲስ አበባዋን እኅት በሽታ ያባብሱታል፤ ምስኪኗ ሴትዮ አዲስ አበባ ውስጥ ጤነኛ ሆና ሳለች ሜፕልዉድ ውስጥ ለሞት ተቃርባለች።

የዚህ ውሸት ሸክም የወደቀው ግን በእሳቸው ላይ አልነበረም። ነርስነት ጀምራ የነበረችው ልጃቸው ትሕትና ኮሌጇን አቋርጣ እናቷን ታጥባለች፣ ታበላለች፣ ታገላብጣለች። ጓደኛ ቤት እንዳትጠራ ተነግሯታል። በር ሲንኳኳ የለንም እንድትል ተነግሯታል። የሚቀጥለው የትምህርት መንፈቅ ሊጀመር ቀናት ቀርተውታል፤ ይህ ካለፋት ቦታዋን እንደሚሰርዙት ኮሌጁ አስታውቋታል። አባቷ ይህን ያውቃሉ፤ ግን «እናት ትበልጣለች» ብለው ዘግተውታል።

ቫኑ በበረዶው መሃል እያዘገመ ሲሄድ፣ አቶ ሳህሉ ሳይጠየቁ ተናገሩ።

«አንቺ የተማርሽ ነሽና አንድ ነገር ልጠይቅሽ። እነዚህ የኔፓል ሰዎች ወላጅ አክባሪ ናቸው ይባላል። ታዲያ ወልዶ ያሳደገውን ሰው በየጠዋቱ ለባዕድ ማስረከብ እንዴት ያስችላቸዋል?»

ዱረቲ ሳቀች። «ጋሼ፣ የሚወስዷቸው እርስዎ ራስዎ አይደሉም እንዴ?»

«እኔማ ሥራዬ ነው። የራሴ ብትሆን ግን አላደርገውም። እኛ ዘንድ ሰው የሚወልደው ለምንድን ነው? ጧሪ ቀባሪ እንዲሆነው ነው። የአሜሪካን ሰው ተይው፤ እናቱን ተቋም አስገብቶ በገና አበባ ይልክላታል። እኛ እንዲህ ከሆንን ምን ቀረን? እናቷን ያጠበች ልጅ ትመረቃለች፤ የወላጅ ምርቃት ደግሞ ከዲግሪ ይበልጣል።»

«ምርቃቱን አልነቅፍም። ግን ጋሼ፣ ምርቃት እንዲህ ከዲግሪ የሚበልጥ ከሆነ፣ ወንዶቹ ልጆች ለምን አይሻሙትም? እኔ በደረስኩበት ቤት ሁሉ ምርቃቱን ለሴቷ ለቅቀው ዲግሪውን ሲወስዱ ነው ያየሁት።»

አቶ ሳህሉ ፈገግ አሉ። ‹ከልጅ አትጫወት ይወጋሃል በእንጨት› የሚለው ተረት መጣባቸው። ስለ እሱ ባይጠየቁም የበኩር ልጃቸው አለልኝም መጣባቸው፤ ቡርንስቪል የሚኖር፣ በሥራ የተወጠረ፣ የእናቱን ጤና ለመጠየቅ በየሳምንቱ ስልክ የሚደውል ጎልማሳ ነው። እሱን ሥራህን ተው ያለው ሰው የለም። ይህን ሐሳብ ግን ቶሎ ገፉት።

«ያየሽውን ንገሪኝ እስቲ» አሉ።

«የነበርኩበት መንደር ጉልበት ያለው ወንድ የለበትም። አንዱ ኳታር ነው፣ አንዱ ማሌዥያ፣ የተማረው ደግሞ ኮሪያ። የቀሩት ሽማግሌዎች፣ ሕፃናትና ምራቶች ናቸው። ጎረቤቴ ሙና የምትባል ምራት ነበረች። የባሏ አባት ዓይነ ስውር፣ የባሏ እናት ሽባ። ከብቱ በእሷ፣ ማሳው በእሷ፣ ሁለቱን ሕመምተኞች ማጠብ በእሷ። መንደሩ ሁሉ ‹እንዴት ያለች ምራት!› እያለ ያመሰግናታል፤ አንድ እንስራ ውሃ የሚቀዳላት ግን የለም። አንድ ቀን ምንጭ ዳር ወደቀች። በማግስቱ በዚያ ቤት ሦስት በሽተኛ ሆነ፤ ሦስቱንም እንድታስታምም ከትምህርት ቤት የቀረችው ትንሿ ልጇ ናት።»

«አሳዛኝ ነው። ግን ያ የድህነት ጣጣ ነው፤ የባህል አይደለም።»

«እኔም መጀመሪያ እንደዚያ ነበር ያሰብኩት። ሽማግሌዎቹን ስጠይቅ ግን ድሮም ድሆች ነበርን አሉኝ። ልዩነቱ ምን መሰለዎት? ድሮ በአንድ ግቢ አራት ወንድማማቾች ከነሚስቶቻቸው ይኖራሉ። ወላጅ ሲታመም አንዷ ታጥባለች፣ አንዷ ታበስላለች፣ አንዱ ተሸክሞ ፀሐይ ያወጣዋል። ‹ወላጅ በቤቱ ይጦር› የሚለው ልማድ የተሠራው ለዚያ ሁሉ ትከሻ ነው። አሁን ትከሻዎቹ ተበተኑ፤ ልማዱ ግን ሳይቀነስ እንዳለ በአንዷ ላይ ወረደ። የእኛ ሰዎች ‹ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ነው፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው› ይሉ የለ? ልማዱ ጌጥ ነበር፤ ሰው ሲያልቅ ሸክም ሆነ።»

«እሺ፣ ታዲያ ያችን ሙናን ምን አደረጋችኋት? ስብሰባ ጠርታችሁ አስተማራችኋት?»

ይህ ንግግር ሽሙጥ ነበረበት፤ ዱረቲም ገብቷታል።

«ልናስተምር ፈልገን ነበር፤ አሳፍረው መለሱን። የመንደሩ ሴቶች ራሳቸው ናቸው መላውን ያመጡት። አቅመ ደካሞቻቸውን ቀን ቀን በአንድ ቤት ሰብስበው በተራ መጠበቅ ጀመሩ። አሮጊቶቹ መጀመሪያ ‹ልጅ ያልወለድን ይመስል!› ብለው ተቆጡ፤ የሙና ባል እናትም ምግብ እምቢ አሉ። ኋላ ግን ከሰው ጋር መዋሉ ጣማቸውና ንጋት ላይ ለብሰው የሚጠብቁ ሆኑ። ልጅቷም ትምህርቷን ቀጠለች።»

«መልካም። ግን እስያ ሩቅ ነው፣ ልጄ። የነሱ ጣጣ የነሱ ነው።»

«ሩቅ አይደለም፣ ጋሼ። ከኋላችን ተቀምጠዋል» አለች ዱረቲ፤ ሐርካ ማያን በዓይኗ እያሳየች።

አቶ ሳህሉ መልስ ነበራቸው፤ ያውም ጥሩ መልስ። በመዋያው አማርኛ የሚናገር ሰው አለመኖሩን፣ ሐበሻ በፆሙ ቀን ዶሮ እንደሚቀርብለት፣ ሴትን ወንድ ሠራተኛ ሊያጥባት እንደሚችል በተራ ሊዘረዝሩ ጉሮሯቸውን ሲጠራርጉ የቫኑ ስልክ ጮኸ። መሪው ላይ ያለውን ቁልፍ ነኩ። ድምፁ ቫኑን ሞላው።

«አባ! እማዬ ወደቀች! ባዝሩም ውስጥ! አይ ካንት ሊፍት ኸር፣ ብቻዬን ላነሳት አልቻልኩም! ፕሊስ፣ ና!»

የሴት ልጅ ለቅሶ ተሰማ፤ ከበስተኋላው ደግሞ ቃል ያልሆነ የሰው ማቃሰት። ከዚያ መስመሩ ተቋረጠ።

አቶ ሳህሉ ቫኑን ከመንገዱ ዳር አቆሙት። ዱረቲም ‹አገር ቤት ሄደዋል አላሉኝም?› ብላ አልጠየቀችም። እንዲህ ያለ ጊዜ ጥያቄ ከጥፊ ይብሳል።

«ቤትዎ የት ነው?» ብቻ አለች።

«ከመብራቱ ቀጥሎ። ግን ተሳፋሪ ይዤ... ሕጉ አይፈቅድም።»

«ሕጉን ለእኔ ይተዉት፤ ለመዋያው እኔ እደውላለሁ። ሐርካ ማያን ቫን ውስጥ ጥለን አንሄድም፤ አብረውን ይግቡ።»

አፓርታማው ሲደርሱ በሩ ክፍት ነበር። ወይዘሮ እህተማርያም በመታጠቢያ ቤቱ ወለል ላይ በጎናቸው ወድቀዋል፤ ትሕትና ፎጣ አልብሳቸው፣ ራሳቸውን ጭኗ ላይ አስደግፋ ታለቅሳለች። ዱረቲ ጫማዋን አወለቀች፤ ጎንበስ ብላ «እትዬ፣ የሚያምዎት ቦታ አለ?» ብላ ጠየቀችና የተሰበረ ነገር አለመኖሩን በእጇ እየዳሰሰች አየች። ከዚያ ሦስቱ ተጋግዘው አነሷቸውና ሳሎን ወንበር ላይ አስቀመጧቸው። ሐርካ ማያ ማንም ሳይጋብዛቸው ከጎናቸው ተቀመጡና ቀይ ሻርፓቸውን አውልቀው በወይዘሮ እህተማርያም ትከሻ ላይ ጣል አደረጉላቸው።

አቶ ሳህሉ እንግዳ ሳሎናቸው ገብቶ ሚስታቸውን እንዲህ ሆነው ሲያይባቸው፣ መሬት ተከፍታ ብትውጣቸው በወደዱ ነበር። ኀፍረት ደግሞ ብዙ ጊዜ ቁጣ ለብሶ ይወጣል።

«እንግዲህ አየሽ!» አሉ ወደ ዱረቲ ዞረው። «ገበናዬን አየሽ። ሂጂና ለከተማው አውሪ!»

«ጋሼ፣ ሕመም ገበና አይደለም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የሚሉት የእኛው አባቶች ናቸው። እትዬ ከሆስፒታል ከወጡ ወዲህ ፊዚዮቴራፒ ስንት ጊዜ ሄዱ?»

ከአባቷ ቀድማ ትሕትና መለሰች።

«ቱ ታይምስ፣ ሁለቴ ብቻ። ከዚያ ቆመ። ክሊኒኩ ውስጥ የቤተ ክርስቲያን ሰው አይተን ነበር።»

«ለእናትሽ ክብር ብዬ ነው!» አሉ አቶ ሳህሉ። «እህተማርያምን የሚያውቃት ሁሉ ቀጥ ብላ ስትሄድ ነው የሚያውቃት። ሰው መጥቶ ‹ውይ! ውይ!› እንዲልባት አልፈለግሁም። ለባዕድ አሳልፌ አልሰጠኋትም፣ የተቋም አልጋ ላይ አላስተኛኋትም፤ ልጇ በእጇ ይዛታለች። ይህ ነውር ከሆነ ነውረኛ ልባል!»

እዚህ ላይ ሐርካ ማያ በኔፓልኛ አንድ ነገር ጠየቁ። ዱረቲ መለሰችላቸው። ባልቴቷ ትሕትናን ከእግር እስከ ራሷ አዩዋትና ረጋ ብለው መናገር ጀመሩ፤ ዱረቲም ተከትላ ወደ አማርኛ መለሰችው።

«‹እኔም ያቺ ልጅ ነበርኩ› ይላሉ። ‹በደቡብ ቡታን መንደራችን ትምህርት ቤት ሲከፈት አባቴ ከወንድሜ ጋር አስገባኝ። ፊደል ቆጠራ ላይ ሳለሁ አያቴ ወደቀች፤ ወገቧ ተሰበረ። የአጎቶቼ ሚስቶች ለሥራ ወደ ቆላ ወርደው ነበር። አባቴ «እስኪሻላት ለአንድ ወር» ብሎ አስቀረኝ። አልተሻላትም፤ ግን አልሞተችም። ወንድሜ ተምሮ መምህር ሆነ። እኔ አያቴን እያጠብኩ አደግሁ። ሰው ሁሉ መረቀኝ።›»

ሐርካ ማያ ወደ ትሕትና ዘንበል አሉ። ቀጥለው የተናገሩትን ዱረቲ ሰምታ ወዲያው አልተረጎመችውም።

«ምን ይላሉ?» አሉ አቶ ሳህሉ።

«‹አያቴን እወዳት ነበር። ተረት የነገረችኝ፣ ፀጉሬን ያበጠረችው እሷ ናት። የሞተች ዕለት ግን ደስ አለኝ። ሴቶቹ ደረት ሲመቱ እኔ በልቤ «ነገ ጠዋት ተኝቼ አረፍዳለሁ» እል ነበር። እኔ ክፉ ልጅ አልነበርኩም፤ ደክሞኝ ነው። ያን የተሰማኝን ነገር ግን እስከ ዛሬ ለማንም ነግሬው አላውቅም።› አሁን እርስዎን ነው የሚጠይቁት፣ ጋሼ። ‹ልጅህ የእናቷን ሞት እስክትመኝ ድረስ ነው የምትጠብቀው?› ይላሉ።»

ትሕትና እንዲህ ያለ ቃል ከሰው አፍ ሲወጣ ሰምታ አታውቅም። ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነችና አለቀሰች። አቶ ሳህሉ ወደ ልጃቸው አዩ። ምን እንዳስለቀሳት ገባቸው፤ ሐሳቡ አንድ ክፉ ቀን በልቧ አልፎ እንደነበርም ገባቸው። በሕይወታቸው እንደዚያ ደንግጠው አያውቁም።

«እኔ... ለክብር ብዬ ነው» አሉ፤ ድምፃቸው ግን ከስቶ ነበር።

ዱረቲ ድምፅዋን አለዘበች። «ክብራቸውን እንደሚወዱ አያጠራጥርም። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅ። እሳቸውን ጠይቀዋቸዋል?»

«ማንን?»

«እትዬ እህተማርያምን።»

«እሷማ አንደበቷ ተይዟል፣ መናገር አትችልም።»

«ይሰማሉ እኮ፣ ጋሼ። ከገባን ጀምሮ እያንዳንዱን ቃል ሲሰሙ አያቸዋለሁ።»

እውነትም ነው። በዚያ ቤት ስለ ወይዘሮ እህተማርያም ክብር ብዙ ተወስኗል፤ ማንም ግን ወደ እሳቸው ዞሮ ‹አንቺስ?› አላላቸውም። እኔ ይህን ጥፋት የአንድ ሰው ብቻ አላደርገውም። ደካሞቻችንን በጣም ስንወድ፣ ከፍቅራችን ብዛት፣ ፈቃዳቸውን መጠየቅ እንረሳለን። ሕፃኑን፣ ሽማግሌውን፣ ሕመምተኛውን እናከብራለን እያልን በላያቸው እንነጋገራለን።

አቶ ሳህሉ ከወንበሩ ፊት ተንበረከኩ።

«እህቴዋ» አሉ፤ ከጋብቻቸው ጀምሮ የሚጠሯቸው በዚህ ነው። «ትሕትና ካጠገብሽ ትሁን ወይስ... ወደ ትምህርቷ ትሂድ? የፈለግሽውን ነው የማደርገው።»

ወይዘሮ እህተማርያም አፋቸው ተንቀሳቀሰ፤ ድምፅ እምቢ አላቸው። ደግመው ሞከሩ። ከዚያ ግራ እጃቸውን አንሥተው የልጃቸውን ክንድ ያዙና፣ ባላቸው አቅም ሁሉ፣ ወደ በሩ ገፏት።

«ሂ...ጂ» አሉ። ቃሉ ተጎሳቁሎ ወጣ፤ የሰሙት ሁሉ ግን ለዩት። «ሂጂ።»

አቶ ሳህሉ ከተንበረከኩበት አልተነሡም። ሐርካ ማያ ትርጉም ሳይጠይቁ ራሳቸውን ነቀነቁ።

አቶ ሳህሉ ግን ተሸንፈውም ተከራካሪ ነበሩ።

«እሺ። መዋያው ትሂድ። ግን እኔም የምለው አለኝ። ወንድ እንዳያጥባት። በፆም ቀን ሥጋ እንዳታቀርቡላት። ደግሞም የምትናገረውን የሚረዳ ሰው በሌለበት አስቀምጣችሁ እንደ ዕቃ እንዳትተዉአት።»

«ሦስቱም ትክክል ነው» አለች ዱረቲ። «የመጨረሻው በተለይ የእኛ ጉድለት ነው፤ አማርኛ ተናጋሪ የለንም። ለሌላው ዓለም ስናስብ የራሳችንን ሰው ረስተናል። አለቆቼን እጠይቃለሁ፤ እስከዚያው እኔ አለሁ። እርስዎ ደግሞ የእርስዎን ይወጡ።»

«የኔ ምንድን ነው?»

«ሰዎቹ። መዋያ ቀኑን ይሸፍናል፤ ዘመድን ግን አይተካም። ማታውንና ቅዳሜን የሚጋሩ ሰዎች ያስፈልጓችኋል። ሞልተውዎታል፤ ግን እትዬ አገር ቤት ያሉ መስሏቸው እዚህ አይመጡም።»

አቶ ሳህሉ ይህን ስልክ ከመደወል ጥርስ ማስነቀል ይመርጡ ነበር። ዱረቲና ሐርካ ማያ እያዩአቸው ለጓደኛቸው ለአቶ ይልማ ደወሉ።

«ይልማ፣ እህተማርያም አገር ቤት አልሄደችም። እዚሁ ናት። ከበጋ ጀምሮ ታማብኝ ነው። ዋሸኋችሁ።»

 ከዚያ አቶ ይልማ «አንተ ሰው፣ እኛ ሞተናል ወይ?» ብለው ጮኹ፤ ስልኩንም ጆሯቸው ላይ ዘጉባቸው።

አቶ ሳህሉ ተጣላሁ ብለው አዘኑ። እንጀራው ከነወጡ፣ ሴቶቹ ከነባሎቻቸው በራቸው ላይ ሲደርሱ ገና አልመሸም ነበር። «ውይ! ውይ!» ያለ አልጠፋም፤ ያ የተፈራው ነገር ደረሰ። ግን የፈሩትን ያህል አልከበደም። ሴቶቹ ወይዘሮ እህተማርያምን እያገላበጡ ሳሟቸው፣ ፀጉራቸውን ሠሯቸው፣ ባለቤታቸውን ደግሞ እየተቀባበሉ ሰደቧቸው። «የሰው እናት ክራባት አስሮ ሲያመላልስ የሚውል ሰው!» አለች የይልማ ሚስት። «የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች አሉ!» አቶ ሳህሉ ስድቡን አንገታቸውን ደፍተው ተቀበሉ፤ ደስ እያላቸው ጭምር። አለልኝም ከቡርንስቪል ተጠርቶ መጣ፤ የቅዳሜውም ተራ የእሱ ሆነ፤ ወንድ እናቱን አያጥብም በሚለው ወግ ያመለጠ መስሎት ነበር፣ ግን ምግቡም፣ ልብሱም፣ ፀሐይ ማውጣቱም ተሰጠው። ሲከራከር ወይዘሮዎቹ ሳቁበት፤ እስከ ዛሬም እየመጣ ነው።

ትሕትና በመንፈቁ መክፈቻ ትምህርቷን ቀጠለች። ወይዘሮ እህተማርያም ሰኞ ጠዋት በባላቸው ቫን፣ እንደማንኛውም ተሳፋሪ ዊልቸራቸው ታስሮ፣ ከሐርካ ማያ ጎን ተቀምጠው ሄዱ። የመጀመሪያውን ቀን አለቀሱ፤ ሁለተኛውንም። ከዚያ አካል ማፍታታቱ፣ የንግግር ሐኪሟ፣ እሳቸው በማያውቁት ቋንቋ ሐርካ ማያ የሚያወሩላቸው ወሬ ቀስ በቀስ ፊታቸውን መለሰው። መዋያውም ጥቂት ቆይቶ አማርኛና ኦሮምኛ የምትናገር ጋዲሴ የምትባል ረዳት ቀጠረ፤ እሷን ተከትለውም ሌሎች ሐበሾች ወላጆቻቸውን ማምጣት ጀመሩ።

አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አቶ ሳህሉ በአዳራሹ ተነሥተው ተናገሩ። መናገር የሚወዱ ሰው ናቸውና ንግግሩ ረዘመ፤ ፍሬው ግን ይህ ነበር።

«ወላጅን መጦር የሚለውን ሕጋችንን አልተውኩትም። የተውኩት በአንዲት ልጅ ጀርባ ላይ ብቻ መጫኑን ነው። ያኔ ሚስቴን የምጠብቅ መስሎኝ ሰው አሳጣኋት፤ ልጄን የማስመርቅ መስሎኝ ነገዋን ወሰድኩባት። ዛሬ ሚስቴ ቴራፒ ታገኛለች፣ ሰው ታያለች። ልጄ ትማራለች፤ ስትመለስም እናቷን የምታያት በናፍቆት ነው። እኔም ለሰላምታ ሁሉ ውሸት ከማዘጋጀት አርፌያለሁ። በየቤታችሁ መጋረጃ የጋረዳችሁበት ሰው ካለ፣ ወንድሞቼ፣ ግለጡት። አስቀድማችሁ ግን እሱን ጠይቁት።»

ለዚህ ንግግር ጭብጨባ ተደረገለት። እኔ ግን የለውጡን ጥቅም ማየት ለሚፈልግ ሰው ንግግሩን ሳይሆን በዚያው ሳምንት በአቶ ሳህሉ ቤት የተበላውን እራት ብነግረው እመርጣለሁ።

ትሕትና ከኮሌጅ ራስዋን እያመማት ገባች፤ ፈተና ነበረባት። ማዕዱ ቀርቦ ተቀመጡ። እንደ ወትሮዋ እናቷን ልታጎርስ እጇን ስትዘረጋ፣ ወይዘሮ እህተማርያም እጇን ገለል አደረጉት። በግራ እጃቸው እንጀራውን ቆረሱ፤ ወጡን ጠቀለሉ፤ ግማሹ መንገድ ላይ ፈሰሰ። የቀረውን ወደ ልጃቸው አፍ ዘረጉ።

በግራ እጅ ማጉረስ በእኛ ዘንድ ነውር እንደሆነ የማያውቅ የለም። አቶ ሳህሉም ያውቃሉ፤ ቃሉ ከንፈራቸው ላይ ደርሶ ነበር። ትሕትና ግን ዓይኗ እንባ እንዳቀረረ ጎረሰች። እናትየው ሁለተኛውን ጠቀለሉ፤ ይህኛው ከፊተኛው ይሻላል፣ ብዙም አልፈሰሰም። ወደ ባላቸው ዘረጉት።

አቶ ሳህሉ ጎንበስ ብለው ጎረሱ።